ዶሮው ይሠራ ወይስ ይቅር? ከሐዘን በኋላ ስለሚመጣው የመጀመሪያ ገና

ጥያቄው የመጣው ከደብረ ማርቆስ ነው። ጠያቂዋ የአንድ ልጅ እናት ናት። ረዘም ያለውን ጽሑፏን አሳጥሬዋለሁ።

«እናቴ ያረፈችው መስከረም 18፣ የመስቀል ማግስት ነው። የአርባውም የሰማንያውም ተዝካር ወጥቷል። አባቴ ደምበጫ አካባቢ ገጠር ባለው ቤታችን ከታናሽ እህቴ ጋር ይኖራል። ገና በመጣ ቁጥር ሁላችንም የምንሰበሰበው እዚያ ነበር። አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ መንገድ ተዘግቶበት ለቀብር አልደረሰም። አሁን ደውሎ ‹እንደ ድሮው እናክብረው፤ አባዬም ይጽናና› ይለኛል። እኔ ግን እናቴ በሞተች በሦስት ወሯ ጠላ ጠምቄ፣ ዶሮ ሠርቼ ልበላ? ሰውስ ምን ይላል? አባቴ ምንም አይናገርም። ማታ ማታ አረቄ ጀምሯል። የስድስት ዓመት ልጄን ደግሞ፣ እናቴ ታማ ጸበል ትመላለስ ስለነበር፣ ‹እምዬ ጸበል ሄዳለች› አልነው። አሁን ‹ለገና ትመጣለች አይደል?› እያለ ይጠይቀኛል። ባለፈው ሳምንት ጓዳ ውስጥ ስሜን ስትጠራኝ ሰማኋት። እያበድኩ ይሆን? ምን ላድርግ?»

እህቴ፣ እግዜር ያጥናችሁ። የእናትሽን ነፍስ ይማር።

ከሁሉ በፊት ስለ ድምፁ ልመልስልሽ፤ ሌሊት እንቅልፍ የነሳሽ እሱ ይመስለኛል። እያበድሽ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1971 ሪስ የሚባል የዌልስ ሐኪም ባል ወይም ሚስት የሞተባቸውን ወደ 300 የሚጠጉ ሰዎች አነጋግሮ ነበር። ግማሽ ያህሉ የሟቹ መኖር እንደሚሰማቸው ነገሩት። አንዳንዶቹ ድምፁን ሰምተዋል፣ አንዳንዶቹም አይተውታል። አብዛኞቹ ግን ለማንም ሳይተነፍሱ ነው የኖሩት። ዕድሜሽን ሙሉ ጓዳ በገባሽ ቁጥር ስምሽን ሲጠራ የኖረ ድምፅ በሦስት ወር ከጆሮሽ አይጠፋም። ሰው «መንፈስ ነው» ብሎ ቢያስፈራራሽ አትደንግጪ። ድምፁ ራስሽን እንድትጎጂ የሚያዝሽ ከሆነ፣ ወይም ቀን ከሌት አላስቆም አላስቀምጥ ካለሽ፣ ያኔ ሐኪም ይይሽ። አንድ ጊዜ ስምን መስማት ግን ናፍቆት ነው።

አሁን ወደሚያስቸኩለው ልሂድ። እሱም ዶሮው ሳይሆን ልጅሽ ነው። ገና ታኅሣሥ 29 ነው፤ ልጁም ቀን እየቆጠረ ነው።

«ጸበል ሄዳለች» ያላችሁት ለክፋት አይደለም። በየቤቱ የሚደረግ ነው። አንዱ «ውጭ አገር ሄዷል» ይላል፣ ሌላው «ተኝታለች» ይላል። ለትልቅ ሰው መርዶ ሲነገር ዘመድ ተጠርቶ፣ ሽማግሌ ተመርጦ፣ በማለዳ ነው። ለልጅ ግን ማን እንደሚነግረው እንኳ አንመካከርም። ችግሩ ልጁ ያላችሁትን ማመኑ ነው። ጸበል የሄደ ሰው ይመለሳል። ገና ደርሶ አያቱ ካልመጡ ወይ «እምዬ ጠላችኝ» ይላል፣ ወይ «ጸበል የሄደ ሰው ይጠፋል» ብሎ ይደመድማል። ሁለተኛውን ከያዘ፣ ነገ እሱ ታሞ ጸበል ልትወስጂው ስትነሺ ለምን እንደሚጮህ ግራ ይገባሻል።

ልጆች ሞት መመለሻ እንደሌለው በአብዛኛው መረዳት የሚጀምሩት ከ5 እስከ 7 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው። ልጅሽ እዚያው ደፉ ላይ ነው። ስለዚህ በግልጽ ቃል ንገሪው። ማታ በመኝታ ሰዓት አይሁን። ቀን፣ በለመደው ቦታ፣ አንቺና አባቱ ባላችሁበት ይሁን። እንዲህ ልትዪው ትችያለሽ፦ «እምዬ በጣም ታማ ነበር። ጸበልም ወሰድናት፣ ሐኪምም አያት። ግን አልዳነችም፤ ሞተች። የሞተ ሰው አይርበውም፣ አያመውም፤ ተመልሶም አይመጣም። ቶሎ ያልነገርንህ እንዴት እንደምንነግርህ ጨንቆን ነው።» ከዚያ ዝም በይ። እሱ ይጠይቅ።

«ነፍሷ እግዚአብሔር ዘንድ ናት» ማለትሽ ጥሩ ነው፤ ግን «ሞተች» የሚለውን አስቀድሚ። «እግዜር ወሰዳት» ብቻ ከተባለ፣ ልጅ «እኔንስ መቼ ይወስደኛል?» ብሎ ሌሊት ሊነቃ ይችላል። ከነገርሽው በኋላ አምስት ደቂቃ አልቅሶ «ኳሴ የት አለ?» ቢልሽ አትዘኚበት። የልጅ ሐዘን እንዲህ ነው፤ ትንሽ ያዝናል፣ ይጫወታል፣ ተመልሶ ያዝናል። አንዱን ጥያቄ በየቀኑ ይጠይቅሻል። አንድ ቀን ደግሞ «አንቺም ትሞቻለሽ?» ማለቱ አይቀርም። «ሰው ሁሉ አንድ ቀን ይሞታል። እኔ አሁን ደህና ነኝ። አባትህም አለ፣ አክስትህም አለች፤ ብቻህን አትሆንም» በይው። «በፍጹም አልሞትም» አትበዪው። አንድ ጊዜ እውነት ያልሆነ ነገር ሰምቷል፤ ሁለተኛ አይሁንበት።

ይህን ለገና ዋዜማ አታሳድሪው። ቢያንስ አንድ ሳምንት ቀድመሽ ንገሪው። የአያቱ ቤት ሲደርስ አውቆ ይግባ።

ቀጥሎ ወንድምሽ። «ሐዘኑን ረስቶ ጭፈራ አማረው» ብለሽ እንዳትቀየሚው። አስቢው፤ እሱ አስከሬን አላየም። አፈር አላለበሰም። ድንኳን ውስጥ አልተቀመጠም። አንቺ ሦስት ወር ሙሉ ያለ እናት ኖረሻል፤ ለእሱ ግን እናቱ አሁንም እዚያው ቤት ያሉ ያህል ነው። «እንደ ድሮው» የሚለው ለዚህ ይመስለኛል። በእነዚህ ዓመታት መንገድ ተዘግቶባቸው ቀብር ያልደረሱ ብዙ ሰዎች ወደ እኔ መጥተዋል። ሁሉም የሚሉት አንድ ነው፦ «ሳላያት ቀረሁ።»

በዋዜማው በግ ይዞ ቢመጣ፣ ደጃፉን ሲረግጥ ነው ሐዘኑ የሚወርድበት። ያኔ እናንተ ደግሞ «በዓል ነው፤ ተው» ልትሉት ነው። እንዲህ ከሚሆን ሁለት ሦስት ቀን ቀድሞ ይምጣና ለቅሶውን ይድረስ። ከኅዳር 15 ጀምሮ ጾም ነው። ጾሙ ሳይፈታ ቤቱ ጸጥ ያለ ነው፤ ሽሮና ጎመን እንጂ ድግስ የለም። ለጎረቤት አስቀድማችሁ ንገሩ። ያስለቀሱ ያስተዛዘኑ ሰዎች ከእሱ ጋር ደግመው ይቀመጡ። መቃብሩ ላይ ቄስ ይቁምለት፣ ፍትሐት ይደረግ። እናንተም ስለ መጨረሻው ቀን ቁጭ ብላችሁ ንገሩት፤ ምን እንዳሉ፣ ማን አጠገባቸው እንደነበር፣ ምን ለብሰው እንደተቀበሩ። ለእናንተ የታወቀ ነገር ነው። እሱ ግን ይህን ሁሉ አያውቀውም።

እንግዲህ ዶሮው።

መሥራቱም አለመሥራቱም ነውር አይደለም። የሚጎዳው ሳይነጋገሩ መድረስ ነው። ባህላችን ለሐዘን የመጀመሪያ ቀናት ጠንካራ ነው። እድር ድንኳን ይተክላል፣ ጎረቤት እዝን ተሸክሞ ይመጣል፣ ሐዘንተኛ ብቻውን አያድርም። ሰማንያው ከወጣ በኋላ ግን ሰው ሁሉ ወደ ጉዳዩ ይመለሳል። በዓሉ የሚመጣው ልክ ያኔ ነው። ድንኳን የለ፣ አስተዛዛኝ የለ፤ ቤቱ ግን ያው ቤት ነው።

ስትሮብና ሹት የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1999 ያቀረቡት ሐሳብ ለእናንተ ቤት ልክ ነው። ሐዘንተኛ በሁለት ነገር መካከል ይመላለሳል ይላሉ። አንዴ ያጣውን ሰው ያለቅሳል፣ አንዴ ደግሞ የቀረውን ኑሮ ይይዛል። ሁለቱም ያስፈልጉታል። ሁልጊዜ ልቅሶ ላይ ብቻ መቅረትም ይጎዳል፣ ሁልጊዜ ከልቅሶ መሸሽም ይጎዳል። ወንድምሽ አንዱን ይዟል፣ አንቺ ሌላውን ይዘሻል። ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፤ ቀኑን ተካፈሉት።

እናትሽ የተቀበሩት ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው። ሌሊት አስቀድሳችሁ ስትወጡ መቃብሩ ጋ ቁሙ። እዚያ አልቅሱ። ማንም «ተዉ» አይበላችሁ። ለነዳያኑ አንድ ዳቦ ስለ ስማቸው ይቆረስ። አርባና ሰማንያ ያወጣ ቤት ለዚህ እንግዳ አይደለም። ከዚያ ወደ ቤት ገብታችሁ ጾማችሁን ፍቱ። ለልቅሶው የራሱ ሰዓት ከሰጣችሁት ማዕዱን ይለቅላችኋል። ብዙ ጊዜ እንዲህ ሲሆን አይቻለሁ።

የሚያደክምሽ ግን መብላቱ አይደለም፤ ጓዳው ነው። ጋኑ በወይራ ሲታጠን፣ ጌሾው ሲወቀጥ፣ የዶሮው ሽንኩርት ሲቁላላ የሚመጣው ሽታ እናትሽን ይዞብሽ ይመጣል። ሽታ የሚገባበት የአንጎል ክፍል ስሜትና ትዝታ ከሚያዙበት ክፍል ጋር በጣም የተጠጋ ነው። ለዚህ ነው ፎቶግራፍ አይተሽ ያላለቀስሽው ሴት በወይራ ጭስ የምትንሰቀሰቂው። ስለዚህ ብቻሽን ጓዳ አትግቢ። ዘንድሮ ጠላው ከጎረቤት ይምጣ፤ የጎጃም ጎረቤት ይህን ተጠይቆ እምቢ አይልም። ዶሮው አንድ ብቻ ይሁን። እህትሽ ሽንኩርቱን ትያዘው፣ አንቺ ዶሮውን ገንጥዪ፤ ወንድምሽም ቢሆን እንቁላል መላጥ አያቅተውም። እየሠራችሁ እንባ ቢመጣ ሽንኩርት ነው አትበሉ፤ «እማዬን አስታወሰኝ» በሉ።

አንዲት ሰዓት ግን ተጠንቀቁላት። ድስቱ ወርዶ ወጥ የሚወጣበት ሰዓት። ለእያንዳንዱ ብልቱን የሚያወጡት እናትሽ ነበሩ። ለማን ጭኑ፣ ለማን ክንፉ እንደሚሄድ ሳይጠይቁ ያውቁታል። ያ ሰዓት ሲደርስ ጭልፋው ድስቱ አፍ ላይ ይቀራል፤ ማንም አያነሳውም። ሁሉም የእናትሽን በርጩማ ያያል። አባትሽ ተነስተው ወደ ውጭ ይወጣሉ። እንዲህ እንዳይሆን ማን እንደሚያወጣ ቀድማችሁ ወስኑ። እህትሽ ብትሆን ይሻላል፤ ቤቱን አሁን የያዘችው እሷ ናት። በርጩማውን አትደብቁት፤ ባዶም አትተዉት። ልጅሽ ይቀመጥበት። አባትሽ ማዕዱን ሲባርኩ የእናትሽን ስም ጠርተው ነፍስ ይማር ይበሉ፤ ከዚያ ብሉ። ስማቸው ካልተጠራ ሁሉም ሰው ስሙን አፉ ውስጥ ይዞ ነው የሚበላው።

ስለ ከሉ አልጠየቅሽኝም፤ ግን በዓል ሲመጣ ሁሌም ይነሳል። እስከ ሙት ዓመት እለብሳለሁ ካልሽ ልበሺ። ለልጅሽ ብለሽ ለአንድ ቀን ነጭ ነጠላ ብትደርቢበትም እናትሽን አልካድሽም።

«ሰው ምን ይላል?» ብለሻል። ሰው ሁለቱንም ይላል። ብትሠሪ «እናቷ አፈር ሳይጫናት» ይላል። ባትሠሪ «አባቷን በዓመት በዓል ጦሙን አዋለችው» ይላል። «በዓል ነው፤ ማልቀስ ጥሩ አይደለም» የሚልሽም ይመጣል። ለዚህኛው ግን መልስ አለሽ። የልደቱን ታሪክ በሚናገረው በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 2፣ ከሰብአ ሰገል ቀጥሎ የሚመጣው ልቅሶ ነው። ራሔል ስለ ልጆቿ አለቀሰች፤ «መጽናናትም አልወደደችም፥ የሉምና» ይላል። ጌታም ራሱ በአልዓዛር መቃብር አልቅሷል። ልቅሶ በገና ታሪክ ውስጥ ካለ በገና ቤት ውስጥም ቦታ አለው።

ከሁላችሁም ይልቅ የሚያሳስቡኝ አባትሽ ናቸው።

ወንድ ልጅ በቀብር ቀን ያለቅሳል፤ ከዚያ በኋላ ዝም እንዲል ነው የሚጠበቅበት። አባትሽ ከአንድ ሰው ጋር ብዙ ዓመት ኖረዋል። ምናልባት የልባቸውን የሚናገሩት ለእናትሽ ብቻ ነበር። ታኅሣሥ ደግሞ የአውድማ ወር ነው። ጤፉ ተወቅቶ ወደ ቤት ሲገባ ጎተራው ጋ ቆመው የሚረከቡት እናትሽ ነበሩ ብዬ እገምታለሁ። ዘንድሮ ተረካቢዋ የሉም። ስለዚህ የእሳቸው ከባድ ቀን ገና ላይሆን ይችላል፤ እህሉ የገባበት ቀን ሊሆን ይችላል። አንቺ ወይ እህትሽ ያን ቀን እዚያው ተገኙ።

«እንዴት ነህ አባዬ?» ብትያቸው «ደህና፣ እግዜር ይመስገን» ይሉሻል፤ እሱ ያልቃል። ፊት ለፊት አታፋጥጫቸው። ጎን ለጎን ሆናችሁ፣ እጃቸው ሥራ ይዞ ሳለ፣ ወሬ ጠይቂያቸው። «እማዬን እንዴት ነው ያገባሃት? ሠርጉ እንዴት ነበር?» በያቸው። ልጅሽም ይስማ። ለበዓሉም ሥራ ስጧቸው፤ በጉን ገበያ ወርደው እሳቸው ይምረጡ፣ እሳቸው ይባርኩ። «አንተ ተቀመጥ፣ አትድከም» ማለት ፍቅር ይመስላል፤ ሐዘንተኛን ግን ከነሐሳቡ ብቻውን ይተወዋል። ነፍስ አባታቸውም ከበዓሉ በፊት ቤት ድረስ ቢመጡ መልካም ነው። ለእናንተ የማይነግሩትን ለእሳቸው ይነግሩ ይሆናል።

አረቄው ግን ቀልድ አይደለም። ቶሎ ያስተኛል፣ ነገር ግን እንቅልፉን ይሰብራል። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይነቃሉ፤ ያን ሰዓት ሐዘን ከየትኛውም ሰዓት ይከብዳል። በማግስቱ ደግሞ ልብ ይጫናል። በበዓል «ጠጣ፣ እርሳው» የሚል ብዙ ነው። ጎረቤቶችን ቀድመሽ በጨዋ ቃል ለምኛቸው፤ «አባቴን በመጠጥ አታስገድዱልን» በያቸው። እሳቸውን በሰው ፊት አትናገሪያቸው፤ ያዋረድሻቸው ይመስላቸዋል። ጠዋት መጠጣት ከጀመሩ፣ ምግብ እምቢ ካሉ፣ ቀበቷቸው በአንድ ወር ውስጥ ብዙ ከላላ፣ በዓል እስኪያልፍ አትጠብቂ። በደብረ ማርቆስም በባሕር ዳርም ባሉ ትልልቅ ሆስፒታሎች የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ።

«እኔም ልከተላት» ቢሉ፣ የሐዘን ንግግር ነው ብለሽ አትለፊው። ቀጥ ብለሽ ጠይቂ፦ «አባዬ፣ ራስህን ለመጉዳት አስበህ ታውቃለህ?» መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣም፤ ያለውን ያወጣል እንጂ። «አዎ» ካሉ፣ ወይም መልሱን ካድበሰበሱት፣ ጠብመንጃውንና የተባይ መድኃኒቱን ዛሬውኑ ከቤት አውጡ። ብቻቸውን አትተዉአቸው። ወደ ሐኪም ውሰዷቸው።

አንቺስ? «አምስቱ የሐዘን ደረጃዎች» የሚባለውን ቴሌግራም ላይ አንብበሽ ከሆነ ራስሽን አትለኪበት። ዶክተር ኩብለር ሮስ ያንን እ.ኤ.አ. በ1969 ያቀረበችው ራሳቸው ሊሞቱ የተቃረቡ ሕሙማንን አነጋግራ ነው። ሐዘንተኛ በተራ የሚወጣው መሰላል አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች ምደባ ከልክ ያለፈ የተራዘመ ሐዘን የሚለው ቢያንስ ስድስት ወር የቆየውን፣ ኑሮን ያስቆመውንና ከማኅበረሰቡ ልማድ የራቀውን ነው። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ለአዋቂ አንድ ዓመት ይጠብቃሉ። አንቺ ገና ሦስት ወርሽ ነው። እያለቀስሽ ልጅሽን ትመግቢያለሽ፣ ሥራሽን ትሠሪያለሽ፤ ይህ ሐዘን ነው፣ በሽታ አይደለም። በገና ቀን ወንድምሽ አንድ ነገር ተናግሮ ብትስቂም አፍሽን በነጠላ አትሸፍኚ።

አንድ ነገር ቀረኝ። ቤተሰብ ሁሉ ለበዓሉ ይዘጋጅና ማግስቱን ይረሳል። ልጆች ወደ አዲስ አበባና ወደ ደብረ ማርቆስ ይመለሳሉ፤ መኪናው ሲሄድ አባትሽ ደጃፍ ላይ ይቀራሉ። ቀኑን እንደምንም የቻለ ሰው ማግስቱን አይችለውም። ከቻላችሁ አንዳችሁ እስከ ጥምቀት ቆዩ፤ ጥር 11 ሩቅ አይደለም። ካልሆነም እህትሽ ብቻዋን እንዳትሸከመው በየማታው ደውሉ፤ ለአባትሽ ብቻ ሳይሆን ለእሷም። ፋሲካም ከገና አይቀልም፤ ግን ያኔ ቢያንስ አንድ በዓል አብራችሁ አሳልፋችኋል። ሙት ዓመታቸው ከመስቀል ጋር መገናኘቱ ደግሞ ራሱን የቻለ ነገር ነው፤ ደመራና ተዝካር በአንድ ሳምንት ይወድቃሉ። ነሐሴ ላይ ጻፊልኝ፤ ቀደም ብለን እንመካከርበታለን።